በወሳንሳው ሥር የአባባ ቦታ

ፌብሩዋሪ 18፣ የአመድ ረቡዕ

አባባን ከቀበርን ሁለት ሳምንት ሆነ። ደህና ነኝ። ያገኘኝ ሁሉ "እንዴት ነሽ ኢሳውራ?" ስለሚል ምላሴ መልሱን ለምዶት፣ ዛሬ ዳቦ ቤት "ስንት ልስጥሽ?" ስባል "ደህና ነኝ" አልኩ። ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ።

አባ ኡባልዶ አመድ ቀብተውኝ ስወጣ ደጅ ላይ ጠበቁኝ። ገና ወጣት ቄስ ናቸው፤ ከመናገራቸው በፊት ጆሯቸው ይቀላል። "የስቅለት ዕለት የናዝራዊው ምስል በወሳንሳ ከመውጣቱ በፊት ስለ ዶን ቴልሞ ጥቂት ቃል ቢናገሩልን። ስልሳ ዓመት ምስሉን የተሸከሙ ሰው ናቸው" አሉኝ።

"ቀላል ነው" አልኳቸው።

ምኑ ይከብዳል? አብሬው የኖርኩት እኔ ነኝ። ልብሱን ያጠብኩት፣ ጥፍሩን የቆረጥኩት እኔ። ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?

ፌብሩዋሪ 20

ጀመርኩ። "ቴልሞ ሲያቾኬ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በሃያ ዓመቱ ወታደር ሆኖ ኮሪያ ዘመተ። ተመልሶ የቆዳ ኳስ እየሰፋ ኖረ። ሚስት አገባ፣ ሁለት ልጅ ወለደ፣ ሚስቱን ቀበረ። እግዚአብሔርን ይወድ ነበር።"

አነበብኩት። የመንጃ ፈቃድ ይመስላል። ቀደድኩት።

እውነቱን ልጻፍ ብል ደግሞ ሰው በስቅለት ቀን ይስቃል። ቄሱ ቅዱስ ቁርባኑን ከፍ ሲያደርጉ አባባ ተንበርክኮ እንኳ ቀኝ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጥ ነበር። "ንጉሥ ሲያልፍ እጁን ኪሱ የሚከት ወታደር አለ?" ይላል። አባ ኡባልዶ መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ደንግጠው፣ ቁርባኑን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ሰላምታ ሊመልሱለት ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ገና ሳይነጋ "ተነሱ!" ብሎ ነው የሚቀሰቅሰን። መቁጠሪያ የሚደግመው ኳስ እየሰፋ ነው፤ አንድ ስፌት፣ አንድ ሰላም ላንቺ ማርያም። ስፌቱ ከተበላሸ ጸሎቱንም ፈትቶ ከሥር ይጀምራል። የሱ ኳስ ተፈታ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ስለ ጦርነቱ ግን የሚያወራው ስለ ብርድና ስለ ምግብ ብቻ ነበር። ከሁሉ የሚወደው ወሬ ከኢትዮጵያ የዘመቱት ወታደሮች ፋሲካን ከኛ ሳምንት ዘግይተው ማክበራቸው ነው። "አንድ ጾም ጾሜ ሁለት ፋሲካ የበላሁ ካቶሊክ እኔ ብቻ ነኝ" እያለ ይኩራራል።

ይኼ ለስቅለት የሚሆን ነው?

ፌብሩዋሪ 22፣ እሁድ

ከቅዳሴ ስወጣ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች፦ "አንድ እንባ እንኳ አልወጣትም እኮ።" "ድንጋይ ናት። እሷ ብቻ? ወንድሟን አላየሽም?"

ዞር ብዬ ፈገግ አልኩላቸው። አንደኛዋ ደንግጣ በተሳሳተ እጇ አማተበች።

ወንድሜ ሊዮኔል ታናሼ ነው። ካቶሊክነቱን ትቶ ከሚስቱ ከዮሊማ ጋር ሶጋሞሶ ከተማ ወንጌላውያን ዘንድ ከሄደ ቆየ። እዚያ ጊታር ይመታል። አባባ በወቅቱ ጠረጴዛ አልመታም፣ አልጮኸም። "ከዚህ ቤት ሁለት ወታደር ወጥቷል፤ አንዱ ክፍለ ጦሩን ቀይሯል" አለና ስፌቱን ቀጠለ። ሊዮኔል ከዚያ ወዲህ የቤታችንን ደጅ የረገጠው ለገና ለገና ነው። ዮሊማማ ጨርሶ። እኔ አልጠራኋትም እንጂ አትምጪ ብያትም አላውቅም።

የቀብሩ ዕለት ሊዮኔል ቤተ ክርስቲያን አልገባም። አደባባዩን ተሻግሮ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ። ዝናብ ነበር። አባቱ ውስጥ ተገንዞ፣ እሱ ውጭ። በተከፈተው በር አየሁት። ዓይኔ በሩ ላይ ቀርቶ ቅዳሴው ሁሉ ከጀርባዬ አለፈ።

ይኼን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ስለ አባባ ነበር መጻፍ የነበረብኝ።

ማርች 3

ዶን ፊዴሊኖ መጣ። የተሸካሚዎቹ አለቃ ነው፤ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚያንኳኳው። በፓኔላ፣ በሸንኮራ ስኳር፣ የጣፈጠ ውሃ አፈላሁለት፤ ፉት አለ፣ ቀና አለ፣ ፉት አለ።

"ኢሳውራ፣ የወሳንሳው የፊት ግራ ባዶ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ደንቡን ታውቂያለሽ። የሟች ቦታ የልጁ ነው። ሊዮኔል የሚመጣ ከሆነ ይምጣ። ካልሆነ አማቼ አለ፤ ጠንካራ ልጅ ነው።"

"ልጁ እኔም ነኝ" አልኩ። ለቀልድ።

እሱም ለቀልድ ሳቀ። ሲስቅ አፉ ውስጥ ያለውን ሊረጨኝ ደረሰ። ሊዮኔልን እጠይቀዋለሁ አልኩና ሸኘሁት።

ማርች 5

አልደወልኩም። የኳስ ስፌት በዝቶብኛል።

ማርች 6

ጣሪያው ያፈሳል። አልደወልኩም።

ማርች 9

ሶጋሞሶ ሄድኩ። ሊዮኔል ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግንበት ሱቅ ውስጥ ሆዱ የተዘረገፈ ቴሌቪዥን ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት። ሲያየኝ መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

"እትዬ! ምን ሆንሽ?"

"ሰው ወንድሙን ለማየት የግድ መታመም አለበት?"

"አንቺ? አዎ።"

ነገሬን ነገርኩት። ጨርሼ ሳልጨርስ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ።

"አልችልም። ምስል አልሸከምም። ታውቂያለሽ።"

"ምስሉን አይደለም። አባትህን ነው።"

"አባባን ከሆነ ከናንተ ጋር ቀብረነዋል።"

"ከናንተ ጋር? አንተ የት ነበርክ? መድኃኒት ቤት በር ላይ! አስፕሪን ልትገዛ ነበር?"

መፍቻውን ከመሬት አነሳ። ከጓሮ ዮሊማ ሳህን ይዛ ወጣች፤ አልሞሃባና የሚሉትን የአይብ ዳቦ ጋግራ ነው፣ ትኩስ፣ ሽታው አፍን በምራቅ ይሞላል። "አረፍ በይ እንጂ፣ ብዪ" አለችኝ። ሚኒባስ ያመልጠኛል አልኩ። አላመለጠኝም፤ ማቆሚያው ላይ ስጠብቅ ዝናብ ደበደበኝ፣ ደግሞም ራበኝ።

"አስፕሪን" ማለቴ ቆሻሻ ነገር ነበር። ግን ደስ ብሎኛል። አይ፣ አላለኝም።

ማርች 12

ዝናብ። ክር አለቀ። ንግግሩን ሦስተኛ ጊዜ ጀመርኩ፦ "አባቴ ጀግና ነበር።" ምን ሠርቶ? አላውቅም። ዶን ሰጉንዶን ልጠይቅ።

ማርች 15፣ እሁድ

ዶን ሰጉንዶ ከእኛ ከተማ የኮሪያ ዘማቾች የቀረ አንድ ሰው ነው። ምርኩዙን እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። ሾርባ ይዤለት ሄድኩ።

"እርስዎና አባባ እዚያ ምን አደረጋችሁ?" አልኩት።

"በረደን።"

"ዶን ሰጉንዶ!"

ሾርባውን አስቀመጠ። "ራሰ በራው የሚሉት ኮረብታ ነበር። ሌሊት ቻይናዎቹ መጡብን። እኔ ጭኔን ተመታሁ። አባትሽ ታውቂዋለሽ፣ ከእኔ በክንድ ያጥራል። እንደ ድንች ጆንያ አዝሎኝ ወረደ። እግሬ መሬት እየጎተተ። መንገዱን ሁሉ 'ናዝራዊው ሆይ፣ ይኼን ከባድ ሰውዬ አውርድልኝ እንጂ የራስህን መስቀል እኔ እሸከምልሃለሁ' ይላል። እኔ ደሜ እየፈሰሰ 'ከባድ አትበለኝ' እላለሁ። ይኼው ነው። ስልሳ ዓመት የተሸከመው የኔን ክብደት ነው።"

ዕድሜ ልኬን አንድ ቤት ኖረን አልነገረኝም። ለማን ነበር የሚያስቀምጠው?

ሌላም ነገር ለንግግሩ ልልቀም ብዬ ጠየቅሁ፦ "እሁድ እሁድስ ሶጋሞሶ የዘማቾች ስብሰባ ላይ ምን ታወሩ ነበር?"

ሽማግሌውን ሾርባው ትን አለው። ጀርባውን መታሁለት።

"የምን ስብሰባ?"

"ከቅዳሴ በኋላ ይሄድበት የነበረው። ሸሚዙን ተኩሼለት።"

"ስብሰባችን በዓመት ሁለቴ ነው፣ ልጄ።" ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። "ቴልሞ፣ ይቅር በለኝ። ሞተሃል፤ ምን ታደርገኛለህ።"

ከዚያ ነገረኝ። አባባ እሁድ እሁድ የሊዮኔል ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት፣ ጎማ ጠጋኙ ጋ፣ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አይገባም። ጊታሩን ይሰማል። ሲወጡ ከሊዮኔልና ከዮሊማ ጋር ሄዶ ምሳ ይበላል። አሥራ አንድ ዓመት።

"አንድ ቀን 'ለምን አትገባም?' አልኩት። 'እኔ በሱ በር አልገባም፣ እሱ በኔ በር አይገባም። ከበሩ መለስ ያለው መንገድ ግን የመንግሥት ነው' አለኝ።"

"ለእኔ ለምን አልነገረኝም?"

"አንቺ ተቆጪ ነሻ!"

እኔ? እኔ ተቆጪ?

ማርች 16

አልተናደድኩም። ሸሚዝ ነው የተኮስኩት፣ ሌላ ምን አደረግሁ። እሁድ ማታ ሲመጣ ራቱን ነካ ነካ አድርጎ ይተወዋል፤ እኔ "እርጅና የምግብ ፍላጎቱን ዘጋው" እያልኩ ስጨነቅ። ጠግቦ ነበር!

ሦስታችን መሆን እንችል ነበር። አራታችን። እኔ ነኝ በሩ?

ይኼን መስመር ነገ እሰርዘዋለሁ።

ማርች 22፣ እሁድ

ዛሬ የሸክሙ ልምምድ ነበር፤ ከሳቄ ብዛት ጎኔን አመመኝ።

ለልምምድ ምስሉ አይወጣም፤ ወሳንሳው ላይ በክብደቱ ልክ የድንች ጆንያ ይጫናል። ስምንቱ ተሸካሚዎች ገቡ። የዶን ፊዴሊኖ አማች የአባባ ቦታ ላይ ቆመ። ልጁ ረጅም ነው፣ እንደ ስልክ እንጨት። ያኛው ጎን የቆሙት የአባባ ቁመት ናቸው፤ ለዓመታት በሱ ልክ ነው የተመረጡት። "አንሱ!" ሲባል ወሳንሳው በግራ ወደ ሰማይ፣ በቀኝ ወደ መሬት ሆነ። አንዱ ጆንያ ተንሸራቶ ተፈታ። ድንቹ በቁልቁለቱ ወደ ገበያው ወረደ፤ አባ ኡባልዶ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተከተሉት፤ ውሻው አባ ኡባልዶን ተከተለ።

"ጉልበትህን እጠፍ!" ይላል ዶን ፊዴሊኖ አማቹን።

"ሁለት ሰዓት ጉልበቴን አጥፌ ልሂድ? እንቁራሪት ነኝ?"

ዶን ሰጉንዶ ከአግዳሚው ላይ ምርኩዙን አነሳ። "ልጅቷን አስገቧት! ቁመቷ የአባቷ ነው!"

ሃምሳ አልፎኝ ልጅቷ መባሌ ደስ አለኝ። "አይ፣ እኔ አልገባም" እያልኩ እግሬ ግን ይሄዳል። "ለመለካት ብቻ ነው" አልኩ። ሁሉም "አዎ፣ ለመለካት ብቻ" አሉ። ዘንጉ ሥር ገባሁ። እንጨቱ እዚያ ቦታ ላይ በሱ ትከሻ ተበልቶ ጎድጎድ ብሏል።

"አንሱ!"

ወሳንሳው ቀጥ አለ። አንድ ድንች ቀስ ብሎ ተንከባሎ መሐል ላይ ቆመ።

ዶን ፊዴሊኖ ባርኔጣውን አወለቀ፣ አደረገ፣ አወለቀ። "ሴት ተሸክማ አታውቅም" አለ።

አባ ኡባልዶ ድንች በእቅፋቸው ሞልተው፣ እያለከለኩ፣ "የሚከለክል ነገር ጽሑፍ ላይ የለም። ፈልጌያለሁ" አሉ። ጆሯቸው ቀይ ነው። መቼ ነው የፈለጉት?

"ለዘንድሮ ብቻ" አለ ዶን ፊዴሊኖ።

ዳቦ ቤት ወሬው ከኔ ቀድሞ ደርሷል። "እንግዲህ ቀጥሎ ቀድሺ ይሏታል" ሲሉ ሰማሁ።

ማርች 26

ለሊዮኔል ደወልኩ። "እሁድ እሁድ የት ይሄድ እንደነበር አውቄያለሁ" አልኩት።

ከኋላው አንድ ሬዲዮ እየተንጫጫ ነበር፤ ዘጋው።

"እንነግርሻለን እያልን... አባባ 'ቆይ፣ እኔ ራሴ እነግራታለሁ' ይል ነበር። ሁልጊዜ ከፋሲካ በኋላ ነው የሚለው።"

"የትኛው ፋሲካ?"

"አልጠየቅሁትም።"

ስለ መድኃኒት ቤቱ ልጠይቀው ፈልጌ እንዴት ብዬ እንደምጀምር ከራሴ ጋር ስከራከር፣ እሱ ቀደመኝ።

"እትዬ፣ የቀብሩ ቀን... መግባት አልቻልኩም። መሄድም አልቻልኩም። አሥራ አንድ ዓመት ቆሞልኛል። አንድ ቅዳሴ ብቆምለት ምን አለበት ብዬ ነው።"

ስልኩን ዘግቼ ኳስ ሰፋሁ። መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ስፌቱ ጠመመ፤ ፈትቼ ከሥር ጀመርኩ።

ኤፕሪል 1

ንግግሩ የለም። ምንም። ሦስት ቃል የለኝም። ለሸክሙ ትከሻዬ ላይ የማጥፈውን ሩዋና፣ የሱፍ ካባ፣ አጠብኩ፤ የሱን፣ ግራጫውን። በዝናብ አይደርቅም። ምድጃ አጠገብ ሰቀልኩት። አንድ ጎኑ ተቃጠለ። ኧረ በስመአብ።

ኤፕሪል 4፣ ቅዳሜ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም፤ ዛሬም ግራ እጄ ደረቴ ላይ ታስሮ ነው። በቀኝ እጽፋለሁ። ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ወጥታለች።

ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ነበር። አባ ኡባልዶ ስሜን ሲጠሩ ያለ ወረቀት ወጣሁ። እንዲህ አልኩ፦

"አባቴ አጭር ሰው ነበር። ከሱ የሚረዝመውን ሰው አዝሎ ከጦር ሜዳ አወረደ፤ ሰውዬው ይኸው ተቀምጧል። ለኔ አልነገረኝም። ልጁ ከዚህ ሲወጣ አልተከተለውም፣ አልተወውምም፤ በሩ ድረስ እየሄደ ቆመለት። ይኼንንም አልነገረኝም። እኔ የማውቀው ሸሚዙን ነው። ከዚህ በላይ የምታውቁ ካላችሁ ቤቴ መጥታችሁ ንገሩኝ።"

ሌላ ልጨምር አፌን ከፈትኩ፤ ዶን ሰጉንዶ ከፊት ወንበር ምርኩዙን መሬት መትቶ ተነሳና ሰላምታ ሰጠ። የሰጠው ለኔ ይሁን ለናዝራዊው አላውቅም። አበቃሁ።

ከዚያ "አንሱ!"

ክብደቱን ማንም አልነገረኝም። ድንች ሌላ ነው። ድንች ላይ ሰው አያለቅስም፤ በየበረንዳው አሮጊቶች ሲያለቅሱ ይከብዳል። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ከኋላዬ የሚሸከመው "ዶን ቴልሞ እዚህ ጋ ይሳደብ ነበር" አለኝ። "ምን እያለ?" አልኩት። "ኧረ ዛሬ ስቅለት ነው!" አለ።

ዳገቱ ሥር አርፈን ወሳንሳውን በባለ ሹካ እንጨቶቹ ስንደግፍ ሰው እጄን ነካኝ። ሊዮኔል ነው። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ውኃ ይዞ፣ ዮሊማ ከኋላው።

"ከየት መጣህ?"

"ከመጀመሪያው ጀምሮ ጎንሽ ነኝ። እግረኛ መንገዱ ላይ።" ውኃውን አጠጣኝ። ሩዋናው ከትከሻዬ ተንሸራቶ ነበር፤ እንደገና አጠፈው፣ እንጨቱ የሚበላኝ ቦታ ላይ አደረገው። የተቃጠለውን ጎን አይቶ ቅንድቡን አነሳ። "ምስሉን አልነካም" አለ ቀስ ብሎ።

"ማን ንካ አለህ? ቀኝ ጎኑን ትንሽ አንሳልኝ። ሩዋናውን!"

እንዲህ ሄድን። እነሱ በእግረኛ መንገዱ፣ እኔ በመሐሉ። ባረፍን ቁጥር ውኃና ሩዋና። ሰው ያያል። ዶን ፊዴሊኖ አንዴ "ይኼ ወንጌላዊ ምን ያደርጋል እዚህ?" ሲል ሰማሁት፤ አማቹ ደግሞ "እህቱን ያጠጣል፣ ሌላ ምን?" አለው። ልጁን እየወደድኩት ነው።

ናዝራዊውን ወደ ቦታው መለስነው። እጄን ከዘንጉ ላይ ሳወርድ ትከሻዬ ተከትሎኝ አልወርድ አለ። ሊዮኔል ደግፎ አመጣኝ። ዮሊማ ደጃፉ ላይ ቆመች።

"ምን ትጠብቂያለሽ? ግቢ እንጂ!" አልኳት። ተቆጣሁ መሰለኝ። ገባች።

እዚሁ አደሩ። ዛሬ ጠዋት ክንዴ አልነሳ ብሎ ጸጉሬን ማበጠር አቃተኝ። ዮሊማ ማበጠሪያውን ከእጄ ወሰደችና ከኋላዬ ተቀመጠች። እጇ ቀላል ነው።

"እሁድ እሁድ ምን ያደርግ ነበር?" አልኳት።

"ይበላል። ወንበሩ ላይ ይተኛል። ሲነቃ ያማርራል።"

"በማን?"

"በአንቺ።" ሳቀች። "'ይቺ ኢሳውራ ቡናዬን ያለ ስኳር እያጠጣች መቶ ዓመት ልታኖረኝ ነው' ይላል።"

"ስንት ማንኪያ ትሰጪው ነበር?"

ማበጠሪያው ቆመ።

"ሦስት" አለች በቀስታ። "አንዳንዴ አራት።"

እኔና ሐኪሙ እኮ ስኳሩ ለምን አልወርድ እንዳለ ስንመራመር ነው የከረምነው! መድኃኒት ቀይረን፣ ድንች ከልክለነው፣ እሱ እዚያ ቁጭ ብሎ፣ አሳዛኝ ፊቱን አድርጎ፣ "የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ዶክተር" እያለ! መሳቅ ጀመርኩ። ዮሊማም ሳቀች። ማቆም አቃተኝ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ፣ ከሆዴ የሚወጣ፣ ድምፁ የኔ የማይመስል፤ ሊዮኔል ከጣሪያው ላይ፣ የሚያፈሰውን ሊደፍን ከወጣበት፣ "ምንድን ነው?" ብሎ ጮኸ።

ዮሊማ አይዞሽ አላለችኝም። ማበጠሯን ቀጠለች፣ ከጫፉ ጀምራ ወደ ላይ፣ አንድ አንዱን ቋጠሮ እየፈታች።

ጨርሳ እስክትጎነጉነው ድረስ አለቀስኩ። ጸጉሬ ረጅም ነው።